ፒን ደርዳሪው ማሽንና የአሜሪካ የቦውሊንግ ንግድ

የቦውሊንግ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በተጫዋቾችና በውጤታቸው በኩል ነው። ኢንዱስትሪውን ለሚያጠና ሰው ግን የተሻለው መነሻ በመስመሩ ጫፍ፣ ከግርዶሹ ጀርባ የተሰወረው ፒን ደርዳሪ ማሽን ነው። በአሜሪካ የንግዱን ዕጣ የወሰነው የማሽኑ መፈልሰፍ ብቻ ሳይሆን የተሸጠበት መንገድም ጭምር መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሽን ሊሠራ የሚችለው ቁርጥ ልኬት ላለው ነገር ነው። በ1895 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ከከተማ ከተማ ይለያይ የነበረውን ደንብና መሣሪያ አንድ ወጥ ለማድረግ ተነሣ። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 18.29 ሜትር፣ የፒኑ ቁመት 38 ሴንቲሜትር፣ በአጎራባች ፒኖች መካከል ያለው ርቀት ከእምብርት እስከ እምብርት 30.5 ሴንቲሜትር ሆኖ ጸና። ያለዚህ ድንጋጌ ኋላ የመጣው ማሽን በአንድ አዳራሽ ሠርቶ በሌላው በከሸፈ ነበር።

ቀድሞ ፒን የሚደረድሩት ልጆች ነበሩ። ከጉድጓዱ በላይ ተቀምጠው ኳሱ ካለፈ በኋላ ወርደው የወደቁትን ያነሣሉ፤ ኳሱንም ወደ ተጫዋቹ ይመልሳሉ። ክፍያቸው በጨዋታ ቁጥር ሲሆን የሚፈናጠር ፒን ያቆስላቸው ነበር። ጎትፍሪድ ሽሚት የፈለሰፈውን ማሽን መብቱን የገዛው ኤ.ኤም.ኤፍ. የትንባሆ ማሽን በመሥራት የታወቀ ኩባንያ ነበር። ማሽኑ በ1946 በቡፋሎ ለሕዝብ ታየ፤ በገበያ ላይ የዋለው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1845 የተቋቋመውና በቢሊያርድ ጠረጴዛ ስም ያተረፈው ብሩንስዊክም በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ የራሱን አቀረበ።

የሁለቱ የሽያጭ ስልት ይለያያል። ኤ.ኤም.ኤፍ. ማሽኑን አከራይቶ በተጫወቱት ጨዋታ ልክ ያስከፍል ነበር፤ ብሩንስዊክ ግን በጥቂት ቅድመ ክፍያ በዱቤ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አነስተኛ ጥሪት ያለው ሁሉ ማዕከል ከፈተ። አዳራሾቹ ከተጫዋቹ ቁጥር በልጠው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ሲወድቅ ብዙ ባለንብረቶች ዕዳቸውን መክፈል ተሳናቸው። ብሩንስዊክም ዕዳ ያልተከፈለባቸውን ማዕከላት እየተረከበ፣ ሳያቅደው የብዙ አዳራሾች ባለቤት ሆነ። በፒኖቹ ላይ ይታተም የነበረው የዘውድ አርማው በዚህ ጊዜ የአምራች ብቻ ሳይሆን የባለንብረትም ምልክት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

የተረፉትን ያቆማቸው ሊግ ነው። በየሳምንቱ በቋሚ ቀን የሚመጣ ቡድን አስቀድሞ የታወቀ ገቢ ነው፤ የማሽን ዕዳም የሚከፈለው ከእርሱ ነው። ሮበርት ፑትናም ከ1980 እስከ 1993 የተጫዋቾች ቁጥር 10 በመቶ ሲጨምር የሊግ ተጫዋቾች 40 በመቶ እንደቀነሱ ጽፎ ጉዳዩን የማኅበራዊ ትስስር መላላት ማሳያ አደረገው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን አኃዙ የሒሳብ መዝገብም ጉዳይ ነው፦ አልፎ አልፎ የሚመጣ ደንበኛ ቁጥሩ ቢበዛም የወሩን ወጪ ዋስትና አይሰጥበትም። የኤ.ኤም.ኤፍ. ማዕከላት ድርጅት በ2001 እና በ2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ከዚያም ከቦውልሞር ጋር ተዋሐደ፤ የተዋሐደው ኩባንያ በ2014 የብሩንስዊክን ማዕከላት ገዛ። የሁለቱ ተፎካካሪዎች አዳራሾች በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ፒኖቹን በገመድ አስሮ የሚያነሣ ማሽን እየተስፋፋ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውና የጥገና ወጪው አነስተኛ በመሆኑ ለባለንብረቱ ይመቻል። ሆኖም ገመዱ የፒኑን አወዳደቅ ስለሚለውጥ በአንድ ውርወራ ዐሥሩንም መጣል ከነፃው ፒን ይልቅ ይከብዳል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ተተኪ የሆነው ማኅበር በ2023 ጨዋታውን ዕውቅና ሲሰጠው ራሱን የቻለ ምድብ አድርጎ ነው። በ1895 በአንድ ልኬት የታሰረው ጨዋታ በማሽኑ ዓይነት ሁለት መዝገብ ይዟል።