ወዳጅነት በሠንጠረዥ ላይ



የዛሬው ጥያቄ በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል፤ የአንድ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ ያላቸው ወዳጅነት በመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት ይመዝገብ? ይህን ለተማሪዎቼ በሰጠሁ ቁጥር የመጀመሪያው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሰኛል፤ ሁለት ዓምዶች ያሉት አንድ ሠንጠረዥ፣ በአንዱ ዓምድ የአንደኛው፣ በሌላው የሁለተኛው ተጠቃሚ መለያ ቁጥር። መነሻው ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው የትኛው ሰው በየትኛው ዓምድ ይግባ ብለን ስንጠይቅ ነው።

አማርኛ ጉዳዩን በግሡ ይነግረናል። «አልማዝ ከበደን ታውቀዋለች» ስንል ከበደ እሷን ስለማወቁ አንዳች አልተናገርንም፤ «አልማዝና ከበደ ይተዋወቃሉ» ስንል ግን ማን ማንን እንደሚያውቅ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ሠንጠረዥ «መተዋወቅ» የሚባል ነገር አያውቅም። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ሪሌሽናል ሞዴል በአንድ ረድፍ ውስጥ እያንዳንዱ እሴት የራሱ ቦታ አለው። የአልማዝ ቁጥር 3፣ የከበደ 8 ቢሆን፣ «3 እና 8» አንድ ረድፍ፣ «8 እና 3» ሌላ ረድፍ ናቸው።

አንደኛው መውጫ ሁለቱንም መጻፍ ነው። የአልማዝን ወዳጆች መፈለግ ይቀልላል፤ አንድ ዓምድ ማየት ይበቃል። ዋጋው የረድፎቹ ብዛት እጥፍ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተጽፎ ሌላው ቢቀር፣ አልማዝ የከበደ ወዳጅ ሆና ከበደ የእሷ ወዳጅ ያልሆነበት ግማሽ ወዳጅነት ይፈጠራል። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ማሰር ይበቃል። መረጃው በብዙ ሰርቨሮች ሲበተን ግን ይከብዳል፤ ፌስቡክ ታኦ ስለተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጽሑፍ ሁለቱ አቅጣጫዎች በአንድነት እንደሚጻፉ ዋስትና እንደሌለና የተንጠለጠሉትን በኋላ የሚጠግን ሥራ እንዳለ በግልጽ ተነግሯል።

ሁለተኛው መውጫ አንድ ረድፍ ብቻ መጻፍና ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ በመጀመሪያው ዓምድ እንዲገባ ማስገደድ ነው። እኔ ለመካከለኛ ሥርዓት ይህን እመርጣለሁ፤ ግማሽ ወዳጅነት ሊኖር አይችልምና። ፍለጋው ሁለቱንም ዓምዶች ስለሚመለከት ከዋናው ቁልፍ ሌላ በሁለተኛው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ይጨመር። ደንቡን ግን ለፕሮግራመሩ ትዝታ አትተዉት፤ በቼክ ገደብ ቋቱ ራሱ ይጠብቀው። (ማይኤስኪውኤል ከ8.0.16 እትም በፊት ይህን ገደብ ተቀብሎ በዝምታ ያልፈው ነበር፤ አሮጌ ቋት የተረከባችሁ ረድፎቹን ፈትሹ።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ብዙ ንድፎች በዚሁ ረድፍ ላይ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ ይጨምራሉ፤ የተጠየቀ፣ የጸደቀ፣ የታገደ። ወዳጅነት የጋራ ነው፤ መጠየቅና ማገድ ግን አድራጊና ተደራጊ አላቸው። ቁጥሮቹን በመጠን ስናሰልፍ ማን እንዳገደ ይጠፋል። አንዲት ሴት የሚያስቸግራትን ሰው አገደች እንበል፤ ረድፉ «የታገደ» ብቻ ካለ፣ ሥርዓቱ እገዳውን እንዲያነሳ የሚፈቅደው ለማን ነው? ሁለቱም ቢተጋገዱስ? አንዱ ሲያነሳ የሌላው ጥበቃ አብሮ ይነሳል። ተጠቃሚዋ ይህን የምታውቀው ያ ሰው እንደገና ሲጽፍላት ነው።

ስለዚህ ሦስት ሠንጠረዦች እላለሁ። ለወዳጅነት በመጠን የተሰለፈ ጥንድ፤ ለጥያቄ ጠያቂና ተጠያቂ፤ ለእገዳ አጋጅና ታጋጅ ከነቀኑ። እገዳ ሲጻፍ ወዳጅነቱና ያልተመለሰው ጥያቄ በዚያው ትራንዛክሽን ይሰረዙ፤ አዲስ ጥያቄ ከመጻፉ በፊትም የእገዳው ሠንጠረዥ በሁለቱም አቅጣጫ ይታይ። አልማዝና ከበደ በአንድ ቅጽበት እርስ በርስ ቢጠያየቁ ሁለት የጥያቄ ረድፎች ይኖራሉ። ያ ስሕተት ሳይሆን ስምምነት ነውና ሁለቱ ተሰርዘው አንድ የወዳጅነት ረድፍ ይጻፍ።