በጦርነት ጊዜ የጠላትን የማጓጓዣ መስመር በአየር መምታት፦ የ1944ቱ የፈረንሳይ ባቡር ዘመቻና ለዛሬው ሕግ ያለው ትርጉም

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2025 ሊነጋጋ ሲል፣ ከፓሪስ የሰሜን ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በሐዲድ አጠገብ የግንባታ ሥራ ሲያከናውኑ የነበሩ ሠራተኞች ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝን ያልፈነዳ ቦምብ ከመሬት ውስጥ አገኙ። ወደ ለንደንና ወደ ብራስልስ የሚሄዱትን ጨምሮ የጣቢያው ባቡሮች ለሰዓታት ተቋረጡ። ቦምቡ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቅሪት ነበር።

አንድ ባቡር ጣቢያ ከ80 ዓመት በፊት ለምን የቦምብ ዒላማ ሆነ? ባቡር የሚያጓጉዘው ወታደርን ብቻ ሳይሆን እህልን፣ ከሰልንና መንገደኛንም ከሆነ፣ በጦርነት ጊዜ መስመሩን መምታት የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በታወቀ የታሪክ ምሳሌ ለማብራራትና ዜጎች በሕግ የተጠበቀላቸውን መብት እንዲገነዘቡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የባቡር መስመር ለምን ዒላማ ሆነ?

በ1944 መጀመሪያ የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የሌሎች ተባባሪ አገሮች ጦር በጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ላይ ለመውረድ በዝግጅት ላይ ነበር። ዋነኛው ሥጋት ከባሕር የሚወርደው ጦር በቁጥር ሳይጠናከር ጀርመኖች ታንኮቻቸውንና እግረኛ ክፍሎቻቸውን በባቡር አምጥተው ወደ ባሕር ይመልሱታል የሚል ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ማን ቶሎ ኃይል ያከማቻል የሚል ሆነ።

የጠቅላይ አዛዡ ምክትል የነበሩት ሰር አርተር ቴደርና የሳይንስ አማካሪያቸው ሶሊ ዙከርማን፣ በ1943 በሲሲሊና በደቡብ ኢጣሊያ የተካሄዱትን የአየር ጥቃቶች ውጤት ካጠኑ በኋላ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በገጠር የተቆረጠ ሐዲድ በአጭር ጊዜ ይጠገናል፤ የባቡር ሞተሮች የሚታደሱባቸው ወርክሾፖች፣ ፉርጎዎች የሚደለደሉባቸው ሰፋፊ ጣቢያዎች፣ የምልክት መስጫዎችና የውኃ ማማዎች ከወደሙ ግን መረቡ በሙሉ ይዳከማል የሚል ነበር። የአሜሪካው ጄኔራል ካርል ስፓትስ በበኩላቸው የጀርመን የነዳጅ ማጣሪያዎች ይቀድማሉ ብለው ተከራከሩ። ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ማርች 25 ቀን 1944 በተደረገው ስብሰባ የባቡሩን ዕቅድ መረጡ።

2. አጃቢ ተዋጊ አውሮፕላኖች ያመጡት ለውጥ

ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ብዙ ይሸከማል፤ ይሁን እንጂ ዝግ ብሎ ስለሚበር ለጠላት ተዋጊ አውሮፕላን የተጋለጠ ነው። አሜሪካውያን በቀን ብርሃን የሚበሩ ቦምብ ጣዮች በራሳቸው መትረየስ ይከላከላሉ ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት በ1943 ከባድ ዋጋ አስከፈለ። ኦገስት 17 ቀን በሽዋይንፉርትና በሬገንስቡርግ ላይ በተካሄደው ዘመቻ 60 ቦምብ ጣዮች ጠፉ፤ ኦክቶበር 14 ቀን ሽዋይንፉርት ዳግም ስትመታም እንዲሁ 60 ቦምብ ጣዮች ሳይመለሱ ቀሩ። ችግሩ የነዳጅ ነበር፤ አጃቢዎቹ ከጀርመን ድንበር ብዙም ሳይርቁ ነዳጃቸው ስለሚያልቅ ቦምብ ጣዮቹን ትተው ለመመለስ ይገደዱ ነበር።

መፍትሔው ከሁለት ነገሮች ተገኘ። አንደኛው ከክንፍ ወይም ከሆድ ሥር የሚንጠለጠል፣ ውጊያ ሲጀመር የሚጣል ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ነው። ሁለተኛው በ1943 መጨረሻ አገልግሎት የጀመረው፣ መርሊን ሞተር የተገጠመለት ፒ-51 ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። እጀባውም በቅብብሎሽ የሚሠራ ነበር፦ አንዱ ቡድን ቦምብ ጣዮቹን እስከ ተወሰነ ስፍራ ሸኝቶ ለሌላው ያስረክባል፤ ረጅም ርቀት መብረር የሚችሉት ደግሞ ዒላማው ድረስ ይዘልቃሉ።

በ1944 መጀመሪያ ለአጃቢዎቹ አዲስ ትእዛዝ ተሰጠ። ከቦምብ ጣዮቹ ጎን ሳይለዩ ከመጠበቅ ይልቅ የጀርመን ተዋጊዎችን ባሉበት ፈልገው እንዲመቱ ተፈቀደላቸው። በመጪዎቹ ወራት የጀርመን አየር ኃይል ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች በብዛት አጣ። በፈረንሳይ ላይ የቀን ጥቃት ማካሄድ የተቻለውም በዚህ የአየር የበላይነት ነው። በሌሊት የሚበሩት የብሪታንያ ቦምብ ጣዮች ግን በአጃቢ ሳይሆን በጨለማና ዒላማውን ቀድመው በብርሃን በሚያመለክቱ አውሮፕላኖች ይተማመኑ ነበር።

3. ዘመቻው እንዴት ተካሄደ?

ብሪታንያውያን ማርች 6 ቀን 1944 ሌሊት ከፓሪስ በስተምዕራብ በምትገኘው በትራፕ የባቡር ጣቢያ ላይ የሙከራ ጥቃት አደረጉ፤ ጣቢያው ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይና በቤልጂየም የሚገኙ በርካታ የባቡር ማዕከላት በተራ ተመቱ። የመውረጃው ስፍራ ኖርማንዲ መሆኑ እንዳይታወቅ ከኖርማንዲ ውጭ ባሉ አካባቢዎች ላይ የበዛ ጥቃት ይፈጸም ነበር።

ተዋጊ አውሮፕላኖችም ከእጀባ ያለፈ ሥራ ነበራቸው። ሜይ 21 ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ በጉዞ ላይ ያሉ ባቡሮችን አደኑ። ከዚህ ቀደም ብሎ ሜይ 7 ቀን ጥቂት ፒ-47 ተዋጊዎች በሴን ወንዝ ላይ የሚገኘውን የቬርኖን የባቡር ድልድይ አፈረሱ። ድልድይን ለመጣል እጅግ ብዙ ቶን ቦምብ ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ይህ ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ከዚያም ከፓሪስ በታች በሴን ላይ የነበሩት የባቡር ድልድዮች አንድ በአንድ ተቆረጡ።

4. የተገኘው ወታደራዊ ውጤት

ጁን 6 ቀን ጦሩ ኖርማንዲ ላይ ሲወርድ የፈረንሳይ የባቡር እንቅስቃሴ በዓመቱ መጀመሪያ ከነበረው እጅግ አሽቆልቁሎ ነበር። ለዚህም የፈረንሳይ የባቡር ሠራተኞችና የአርበኞች ቡድኖች ያካሄዱት የማሰናከል ሥራ ታላቅ ድርሻ ነበረው። ከምሥራቅ ግንባር የተጠሩት ሁለት የጀርመን የታንክ ክፍሎች ከፖላንድ ምሥራቅ ፈረንሳይ ለመድረስ ከወሰደባቸው ጊዜ ይልቅ ከዚያ እስከ ኖርማንዲ ያለው መንገድ ረዘመባቸው።

ይሁንና የፈረሰውን መስመር ቆይቶ አሸናፊውም ፈልጎታል። የተባባሪዎቹ ጦር በፍጥነት ወደ ምሥራቅ ሲገሰግስ ስንቅና ነዳጅ የሚያደርስበት ባቡር አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 ቀን 1944 «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» የተባለ የጭነት መኪናዎች አገልግሎት ተቋቋመ፤ ከ400,000 ቶን በላይ ዕቃም አጓጓዘ። ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ።

5. በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰው ጉዳት

የባቡር ማዕከላት የሚገኙት በከተማ መሐል ነው፤ ሠራተኞቹም ከነቤተሰባቸው በአቅራቢያው ይኖራሉ። በኤፕሪል 1944 በሊል አካባቢ በአንድ ሌሊት 456፣ በፓሪስ ዳርቻ በኑዋዚ ለ ሴክ ደግሞ 464 ሰዎች ሞቱ። ሜይ 26 ቀን በሴንት ኤቴን ከተማ በቀን ብርሃን በተካሄደው ጥቃት የሟቾቹ ቁጥር ወደ 1,000 ተጠጋ። እነዚህ ሰዎች ነፃ ሊወጡ የታሰበላቸው እንጂ ጠላት አልነበሩም።

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በዚህ እጅግ ተጨነቁ። የሟቾች ቁጥር ከ10,000 እንዳያልፍ ፈለጉ፤ በሜይ ወርም ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፉ። ሩዝቬልት ግን በጦር አዛዦች ላይ ገደብ ለመጣል ፈቃደኛ እንዳልሆኑ መለሱ። በለንደን የነበሩት የፈረንሳይ ጄኔራል ፒየር ኬኒግ ሲጠየቁ፣ አገራቸው ነፃ ለመውጣት ይህን መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ መሆኗን ገለጹ። በኑዋዚ ለ ሴክ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ግን ጥያቄው አልቀረበም።

6. የዛሬው ሕግ ምን ይላል?

በዚያ ዘመን ከአየር የሚፈጸምን ጥቃት በዝርዝር የሚገዛ ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። ክፍተቱን በዋናነት የሞላው በ1977 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ ነው። በአገሮች መካከል በሚካሄድ ጦርነት ተፈጻሚ ከሚሆኑት ድንጋጌዎቹ የሚከተሉት ከርእሰ ጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ።

ሀ) ባቡር፣ ድልድይ ወይም መንገድ ሊመታ የሚችለው ለወታደራዊ ተግባር ውጤታማ አስተዋጽኦ የሚያደርግ ከሆነና መመታቱ በወቅቱ ግልጽ ወታደራዊ ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ ብቻ ነው (አንቀጽ 52)።

ለ) በአንድ ከተማ ውስጥ ተለያይተው የሚገኙ ወታደራዊ ዒላማዎችን እንደ አንድ ዒላማ ቆጥሮ ከተማውን በጅምላ መደብደብ የተከለከለ ነው። በሰላማዊ ሰዎች ላይ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ጉዳት ከሚገኘው ወታደራዊ ጥቅም አንጻር ከመጠን ያለፈ ከሆነም ጥቃቱ አይፈቀድም (አንቀጽ 51)።

ሐ) ሁኔታው ካልከለከለ በቀር ለሕዝቡ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ተመሳሳይ ጥቅም ከሚያስገኙ ዒላማዎች መካከል መምረጥ ሲቻል፣ በሰላማዊ ሰዎች ሕይወት ላይ አነስተኛ አደጋ የሚያስከትለው ይመረጣል (አንቀጽ 57)። ቬርኖን ላይ የታየው ይኸው ነው፤ ወታደራዊ ጥቅሙ ተመሳሳይ በሆነበት ሁሉ፣ በወንዝ ላይ ያለ ድልድይ በከተማ መሐል ካለ ጣቢያ ይቀድማል።

መ) ተከላካዩ ወገንም ግዴታ አለበት። በተቻለ መጠን ወታደራዊ ተቋማትን ሕዝብ በብዛት ከሚኖርበት ስፍራ ማራቅ ይጠበቅበታል (አንቀጽ 58)።

ኢትዮጵያ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች በ1969፣ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ1994 ተቀብላለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 270 በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸሙ የጦር ወንጀሎችን ይደነግጋል።

7. ዜጎች ሊያስተውሉት የሚገባ

ጦርነት ካበቃ ከብዙ ዓመታት በኋላም ያልፈነዱ ቦምቦችና ጥይቶች በእርሻ፣ በመንገድ ዳርና በግንባታ ስፍራ ሊገኙ ይችላሉ። ዝገት ቢኖራቸውም አደገኛነታቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው፦

• አይንካው፣ አያንቀሳቅሰው፣ ድንጋይም አይወርውርበት፤
• በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይራቅ፤ ሕፃናትና እንስሳት እንዳይቀርቡም ያድርግ፤
• ቦታውን ከርቀት ለይቶ ለሚያልፉ ሰዎች ያስጠንቅቅ፤
• በአቅራቢያው ለሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ያሳውቅ።

የማጓጓዣ መስመር የጦርም የሕዝብም ንብረት ነው። በ1944 የተመቱት ጣቢያዎች ጦርነቱን ለማሳጠር ረድተዋል፤ በዙሪያቸው የነበሩት መንደሮችም የዋጋውን ከባድ ክፍል ከፍለዋል። ከላይ የተዘረዘሩት ድንጋጌዎች ዓላማ ያ ዋጋ ሳይመዘንና ሳይጠየቅ እንዳይከፈል ማድረግ ነው።