ለመንገደኛ የሚሆን ትንሽ የፎቶግራፍ ማንሻ

በዕድሜ የገፉ እናቱን ይዞ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄድ ሰው፥ ትንሽ የፎቶግራፍ ማንሻ ሲገዛ በሜጋፒክስሉ ብዛትና ሩቁን አቅርቦ በማሳየቱ ብቻ አይታለል። ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ጨለምለም ያለ ነውና፤ መብራት ማብረቅም ለጥንቱ ሥዕልና ለጸሎተኛው አይገባም።

ስለዚህ አስቀድሞ ብርሃን የሚቀበለውን የውስጥ ገጽ ስፋት ይጠይቅ። በብዙዎቹ ርካሾች ዘንድ ይህ ገጽ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው በሶኒ አር ኤክስ 100 ግን 13.2 በ8.8 ነውና አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ማንሻውም በኪስ ይያዛል።

አዲሱ ቢወደድበት ያገለገለውን፥ መስተዋቱ አለመጫሩን አይቶ ይግዛ፤ ትርፍ ባትሪም ይያዝ። መንገዱ ደግሞ ይሄዱበታል፤ የእናት ዕድሜ ግን ተመልሶ አይገኝም።