ዋንዛ ከወደቀ በኋላ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የቆመ ትልቅ ዛፍ ተማሪውን የሚያውቀው በጥላው ነው። ፈተና ሲቃረብ ሥሩ ደብተር ይዘረጋል፤ ምረቃ ሲደርስ ጋዋን የለበሰው ሁሉ ተደግፎት ፎቶ ይነሣል። ዛፉ ሲያረጅ፣ ንፋስ ሲጥለው ወይም ለአዲስ ሕንፃ ቦታ እንዲለቅ ሲቆረጥ ግን መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ማገዶ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ ግንዱን በጣውላ ሰንጥቆ፣ አድርቆ፣ የፎቶ ማቀፊያ፣ የጌጣጌጥ ሳጥን፣ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ወይም ረከቦት አድርጎ ለተመራቂው መታሰቢያ መስጠት። ይህ ሥራ ለዲላና ለጌዴኦ ዞን ከሌላው አገር ይልቅ ይቀርባል። ዛፉም፣ በዛፍ የመጠቀም ዕውቀቱም እዚያው አለና።

በጌዴኦ ጥላ ራሱን የቻለ ምርት ነው። የገበሬው ማሳ ከላይ ወደ ታች በእርከን ተሠርቷል፤ ከሁሉ በላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሳሳና ሌሎች ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው የዞኑ ዋና ምግብ የሆነው እንሰት፣ ከዚያም ቡናና ቁጥቋጦው ይከተላሉ። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በገደላማ ተዳፋት ላይ ብዙ ሕዝብ የሚመግብ መሬት አፈሩ ሳይጠረግ የቆየው በዚህ አሠራር ነው። ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጥምር እርሻውን፣ በተዳፋቶቹ መካከል ያሉትን የአምልኮ ደኖችና በተራራ ጫፎች ላይ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች አንድ ላይ አድርጎ ነው። ገበሬው የጥላ ዛፉን ይመለምላል፤ ቅርንጫፉ ማገዶ፣ ቅጠሉ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። ግንዱ የሚቆረጠው ለቤት፣ ለዕቃ ወይም ለገንዘብ ሲፈለግ ነው። ለአንድ ዛፍ እንዲህ ተራ በተራ ሥራ መስጠት የለመደ አካባቢ የወደቀውን የግቢ ዛፍ በአንድ ቀን አመድ ቢያደርገው ከራሱ ልማድ ጋር ይጣላል።

ከእነዚህ ዛፎች ለመታሰቢያ ዕቃ የሚቀድመው ዋንዛ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ፣ አበባው ነጭና በንብ የሚወደድ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ፣ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነው፤ በገጠር ያደገ ልጅ ሁሉ ጣቱ ላይ ተጣብቆበት ያውቃል። ቅጠሉ ረግፎ ቶሎ ስለሚበሰብስ ቡና ሥር ይስማማል። የግንዱ ዳር ነጣ ያለ ሲሆን ልቡ ሮዝ ቡናማ ነው፤ ይህም ከብርሃንና ከዕድሜ ጋር እየጠቆረ ይሄዳል። እንጨቱ ቀላል ነው፣ ለመሮና ለመላጊያ እሺ ይላል፣ ሲወለወል ያምራል፤ የልቡ ክፍል ምስጥን በደህና ይቋቋማል።

እነዚህን ጠባዮች የአገራችን ባለሙያዎች ከጥንት ያውቋቸዋል። በገናና መሰንቆ ከዋንዛ ይሠራሉ፤ ከበሮ ከግንዱ ይፈለፈላል። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ሙቀጫ፣ የንብ ቀፎ፣ በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበርም እንዲሁ። ከሰው ጋር ብዙ ዘመን መኖር ያለበት ዕቃ ሲታሰብ ይህ እንጨት ይመረጥ ነበር ማለት ነው።

ከወደቀ ግንድ እስከ ተወለወለ ዕቃ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀውም በመጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ችግር ምስማር ነው። የግቢ ዛፍ ዕድሜውን ሙሉ ማስታወቂያ ሲለጠፍበትና ሽቦ ሲታሰርበት ኖሯል፤ ብረቱ ከቅርፊቱ ሥር ተውጦ አይታይም። መጋዝ ሲያገኘው ጥርሱ ይረግፋል። ብረቱ ከእንጨቱ አሲድ ጋር ተገናኝቶ የሚተወው ጥቁር ሰማያዊ እድፍም ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል። ስለዚህ ግንዱ በብረት መፈለጊያ ሳይፈተሽ መሰንጠቂያ ላይ አይወጣም። እድፉን ግን አንዳንድ ባለሙያ ሆን ብሎ ይተወዋል፤ ዛፉ ከሰው ጋር እንደኖረ ይመሰክራልና።

ሁለተኛው ማድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ውሃው ከደረቅ ክብደቱ 30 ከመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ቢደርቅም መጠኑ አይለወጥም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል። መኮማተሩ ደግሞ እኩል አይደለም። በዕድሜ ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ይሆናል። ብዙ ሰው የሚመኘው መታሰቢያ፣ ማለትም ቀለበቶቹ የሚቆጠሩበት ክብ ቁራጭ፣ ከዳር እስከ ልብ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ክቡን ትቶ ሩቡን መጠቀም፣ ወይም ስንጥቁ እስኪወጣ ጠብቆ የቢራቢሮ ቅርጽ ባለው ቁራጭ መቆለፍ ነው።

ጣውላ ሲሆን ጫፍና ጫፉ በሰም ወይም በቀለም ይታሸጋል፤ ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ካልታሸገ እዚያው ይተረተራል። ከዚያ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ንፋስ በሚያልፍበት ጥላ ይደረደራል። የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ዲላ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያገኝ አገር ስለሆነ ጣራው አስተማማኝ መሆን አለበት። መድረቁ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ጣውላው በየሳምንቱ ሲመዘን ክብደቱ መቀነስ ካቆመ አናጢው ሥራ ሊጀምር ይችላል።

ማለስለሻው በብርጭቆ ወረቀት፣ ማጠናቀቂያው በዘይትና በሰም ነው። የተልባ ዘይት በአየር ስለሚጠነክር ይመረጣል፤ የምግብ ዘይት ግን በቅጡ ሳይደርቅ ይሻግታል። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላልና ዘርግቶ ማድረቅ ግዴታ ነው። በላዩ የሚቀባው የንብ ሰም የዋንዛን አበባ ከሚቀስሙት ንቦች ቀፎ ሊገኝ ይችላል።

ግቢ ውስጥ ዋንዛ ብቻ አይወድቅም። ግራቪሊያ ዥንጉርጉር መልኩ ለትንንሽ ሳጥን ያምራል። ጽድ ሽታው ለዓመታት ይቆያል፣ ለልብስና ለደብዳቤ ሳጥን ይስማማል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ለማንኪያና ለመቁጠሪያ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መጠምዘዝና መሰንጠቅ ያበዛል፤ ለረቂቅ ሥራ ባይነካ ይሻላል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ዲላ የደን ዕውቀት ያለው ጎረቤትም አላት። የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር፣ በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ብዙ ሳይርቅ ደን ያስተምር ነበር። ሁለቱ ኋላ ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ ሆነው ቆይተዋል።

የመታሰቢያ ዕቃ ዋጋው ታሪኩ በመሆኑ ታሪኩ ሲጭበረበር ዕቃው ተራ እንጨት ይሆናል። በአሜሪካ ኮኔቲከት የሃርትፎርድ ታዋቂ የኦክ ዛፍ፣ በ1687 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ቻርተር ተደብቆበታል የሚባለው፣ ነሐሴ 1856 እ.ኤ.አ. በማዕበል ሲወድቅ ከእንጨቱ የምክር ቤት ወንበር ሳይቀር ተሠርቷል። ከእርሱ ተሠራ እየተባለ የሚታየው ዕቃ ግን ከመብዛቱ የተነሣ ደራሲው ማርክ ትዌይን አላግጦበታል።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከማላገጥ ያልፋል። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የጠቀሳቸው ዛፎች ናቸው፤ አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም ዛፎቹን የመጠበቅ ምክንያቱ ዛሬም አለ። የዋንዛ መታሰቢያ ገበያ ሲያገኝ ያልወደቀውን ዛፍ የሚጥል መጥረቢያም አብሮ ገበያ ያገኛል። መከላከያው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የዛፉ ዓይነት፣ የቆመበት ቦታ፣ የወደቀበት ምክንያትና ቀን ይጻፋል፤ ቁጥሩ በዕቃው ሥር ይቀረጻል። ግንዱ ካለቀ ቁጥሩም ያልቃል። ይህን መዝገብ ማሳየት የማይችል ሻጭ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር አለመግዛት ነው።