ካንሰርን በዳባት መቁጠር

በደባርቅና በዳባት ካንሰር ከአዲስ አበባ ያንሳልን? ከመልሱ በፊት መለኪያውን እንመርምር። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአገሪቱም ግምት በአመዛኙ በዚሁ መዝገብ ላይ ሲመሠረት ቆይቷል።

ጋይገር ቆጣሪ በሌለበት ክፍል ጨረር የለም አንልም። የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት የደባርቅ ሴት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ሳትመረመር ብትሞት፣ ሕመሟ ስም ሳያገኝ አብሯት ይቀበራል። ምርመራ ሲስፋፋ ደግሞ በሽታው ባይጨምርም ቁጥሩ ይጨምራል።

ዳባት ግን ብርቅ ሀብት አላት፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት መከታተል ጀምሯል። ስለዚህ የክፍልፋዩ ታሕት፣ ሕዝቡ፣ በዕድሜ ተለይቶ ተቆጥሯል (ወጣት የሚበዛበት ገጠር ያለ ዕድሜ ማስተካከያ ከከተማ ጋር አይነጻጸርምና)። ላዕሉን የሚሞላው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው።