የሰኔ በሬ

ጥር ሊያልቅ ሰሞን ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ደጄ ላይ ቆሟል። እኔ ከፊሽካዬ ከተለያየሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው የሚፈልገኝ ወይ ለልቅሶ ወይ ለሽምግልና ነው፤ የዛሬው ሽምግልና ሆኖ ተገኘ። 5 ሺህ ሜትር የሚሮጥ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለ። ቅዳሜ በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ሁሉም ተስፋውን የጣለው እሱ ላይ ነው። ልጁ ግን አልሮጥም ብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ የክለብ ምልመላ አለበት፤ እግሬን ለዚያ ነው የማቆየው ይላል።

«አንቱ ቢመክሩት ይሰማል» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። «ገና በልጅነቱ ስለ ራሱ ብቻ ማሰብ ጀምሯል።»

እሺ አልኩት። ሠላሳ ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተማረ ሰው ሲለመን ደስ ይለዋል። ከዘራዬን አንሥቼ ወደ ዳባት የሚወስደውን አስፓልት ይዤ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሽማግሌም ትንፋሽ ታሳጥራለች። በዚያ ሰዓት መንገዱን የሚጋሩት ድንች የጫኑ አይሱዙዎችና ሯጮች ናቸው። ሦስት ልጆች አጠገቤ አለፉ፤ እንፋሎታቸው ከአፋቸው እየወጣ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሁለት ሱሪ ደርበው።

ምን ብዬ ልምከረው? እያልኩ ሳስብ የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በፈረንጆች ገና ሰሞን ሲደውል ዘወትር የሚያማርረው በአንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮም ኮከቦቹ አንጫወትም ብለው ቀሩ!»

እነሱ ፉትቦል የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም። እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ ይዞ፣ ጠንካራ ቆብ ደፍቶ መላተም ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ መደበኛ ውድድር ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ያልቅና ታኅሣሥ ላይ «ቦውል» የሚሉት ይመጣል፤ አንድ ግጥሚያ፣ አንድ ዋንጫ፣ ጢም ያለ ስታዲየም፣ ብዙ የቴሌቪዥን ገንዘብ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ትልልቆቹ የባለሙያ ቡድኖች በተራ ተራ ተጫዋች ይመርጣሉ። ቀድሞ የተመረጠ ሚሊዮኖች ይፈርማል፤ ኋላ የተመረጠ ፍርፋሪ። በመደበኛው ውድድርና በዚህ ምርጫ መሐል ያለው ቦውል ነው።

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ጄለን ስሚዝ የሚባል የኖተር ዴም ተጫዋች በአንዱ ቦውል ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ይመረጣል ተብሎ የነበረ ልጅ 34ኛ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ዓመት አንድም ግጥሚያ ሳይጫወት አሳለፈ። በዓመቱ ሊናርድ ፎርኔትና ክርስቲያን ማካፍሪ የሚባሉ ሁለት ኮከቦች ቦውል አንጫወትም አሉ። አገሩ ተንጫጫ፤ ቡድናችሁን ከዳችሁ ተባሉ። በዚያው ታኅሣሥ ቡድኑን ሳይለይ የተጫወተው የሚሺጋኑ ጄክ በት ጉልበቱ ተጎድቶ እስከ 5ኛው ዙር ወረደ። የቀሩት ሁለቱ 4ኛና 8ኛ ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ መቅረት ልማድ ሆነ። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ ወደ ብሔራዊው ዋንጫ ከሚያደርሱት ግጥሚያዎች የሚቀር ብዙም አይገኝም። የሚቀሩት ወደ የትም ከማያደርሰው ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን እየነገረኝ «እናንተ አገር እንዲህ ያለ የለም አይደል?» ሲል ሳቄ መጣ። አሜሪካ ሲኖር «እናንተ አገር» ማለት ለመደ፤ ይሁን። ኃይሌን ረስቶታል ማለት ነው።

መጋቢት 2000 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን አልሮጥም አለ። አስም አለበት፤ የከተማዋ አየር በጭስ የታፈነ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዱባይ ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጦ 250 ሺህ ዶላር ያገኘ ሰው ነው። በእኛ የመምህራን ክፍል የነበረው ክርክር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። «ለዶላር ሲሆን ሳንባው ደህና ነው፣ ለባንዲራ ሲሆን ይታመማል» አለ አንዱ። ደግ አልተናገረም፤ እኔ ግን አንገቴን ነቀነቅኩ፣ አዎ ብዬ። ነሐሴ ላይ ኃይሌ ቤይጂንግ ሄዶ 10 ሺህ ሜትር ሮጠ፤ ቀነኒሳ በቀለ ወርቅ፣ ስለሺ ስህን ብር ሲወስዱ እሱ 6ኛ ወጣ። ነሐሴ 18 በተደረገው ማራቶን ፀጋዬ ከበደ ነሐስ አመጣልን፤ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2:06:32 አሸነፈ። በ35ኛው ቀን፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ኃይሌ በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጠ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አንገቴን የነቀነቅኩት እኔ በዚያ እሑድ ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሰው ለምን እንዲህ ሁለት ልብ ይሆናል? እኔ በአበበ ይመስለኛል። የእኛ ትውልድ ስለ ሩጫ ያለው ግምት ሁሉ ከአበበ ቢቂላ የተቀዳ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሮጦ በሪከርድ አሸነፈ። ይህን ልጅ ሆነን መቶ ጊዜ ሰምተናል። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን አበበ በተጎዳ እግሩ ተሰለፈና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። ስንተርክ የማሞን ወርቅ እናነሣለን እንጂ የአበበን እግር አናነሣም። ደግሞ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። እግሩ ቢያምም ደመወዙ ይወጣ ነበር።

የዛሬው ሯጭ እንጀራው ሌላ ነው። መቻልም ሆነ ንግድ ባንክ ወይም አማራ ማረሚያ፣ ክለብ የገባ ሰው የወር ደመወዝ ያገኛል፤ ቤት የሚያሠራው ግን የግል ውድድር ነው። አንድ ጥሩ የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይሮጣል፤ ከዚያ በላይ አካል አይችልም። የቦስተን አሸናፊ 150 ሺህ ዶላር ይወስዳል። አዘጋጆቹ ስሙ ለገነነ ሯጭ ስለመጣ ብቻ የሚከፍሉት አለ፣ የጫማ ኩባንያ ውል አለ፤ ውሉ ላይ ደግሞ ሯጩ ከውድድር ሲርቅ ወይም ሰዓቱ ሲወርድ ክፍያው የሚቀነስበት አንቀጽ አይጠፋም። ኦሊምፒክ ላይ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ለወርቅ 50 ሺህ ዶላር መክፈል የጀመረው ገና በፓሪሱ ነው። ከዚያ በፊት ከእሱ በኩል የሚሰጥ ሽልማት አልነበረም። ሁለት ካርታ ብቻ በእጁ የያዘ ሰው አንዷን የት እንደሚጥል ቢያሰላ ስግብግብ የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ማጣሪያም ራሱ ካርታ ይበላል። ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድን መምረጫ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተደረገ። ኦሊምፒኩ የቀረው ሦስት ወር ነበር። ቀነኒሳ በዚያ ማጣሪያ አልሮጠም፤ ስለዚህ አልተመረጠም። በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠ ሰው ነው፤ እሱም መስከረም 18 ቀን፣ በ2012 ዓ.ም.። (ይህች ቀን ከኢትዮጵያውያን ጋር ምን እንዳላት እንጃ።) ነሐሴ 2 ቀን ሳፖሮ ላይ በተደረገው የኦሊምፒኩ ማራቶን የተሰለፉት ሦስቱ ወንዶቻችን፣ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ፣ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ያን ቀን ሙቀቱ ብዙ ሰው ጥሏል፤ ማጣሪያው ነው ያደከማቸው ብዬ አልምልም። ግን አሠልጣኝ የሆነ ሰው ሁሉ ጥያቄው ከልቡ አይወጣም።

ሲሳይን አንሥቼ ፓሪስን ሳላነሣ አላልፍም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለኦሊምፒክ ተመርጦ ነበር። እንደ ሜክሲኮው አበበ ተጎድቶ ሊሰለፍ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራት ነሐሴ 4 ቀን በ2:06:26 ወርቁን ወሰደ። የሰበረው የኦሊምፒክ ሪከርድ የዋንጂሩ 2:06:32 ነበር፤ ኃይሌ አልሮጥም ባለባት ቤይጂንግ የተመዘገበችው። 16 ዓመት የቆየች ሰዓት አንድ ሰው አልሮጥም በማለቱ ወደቀች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከአስፓልቱ ወርጄ የገብስ ማሳዎቹ ጋ ደረስኩ። እዚያ ላይ አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ስሸሻት የቆየሁት።

ከ11 ዓመት በፊት ነው። በአንድ ሳምንት 1,500 እና 3,000 ሜትር አሸንፋልናለች። የቀረው የመጨረሻው ቀን፣ 4 በ400 ዱላ ቅብብል ነው። ጠዋት ወደ እኔ መጥታ «ቲቸር፣ አልሮጥም፤ ባቴ ከብዶኛል» አለችኝ። ሰኞ የክለብ ምልመላ ነበረባት። በተማሪው ሁሉ ፊት «አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ አንቺ በጫማ እምቢ?» ብዬ ጮኽኩባት። መልስ አልሰጠችኝም። ዝቅ ብላ ጫማዋን አየች፤ እኔም አየሁት። የወንድ ጫማ፣ 41 ቁጥር፣ ጣቷ ጋ እንዳይሰፋት ጨርቅ የተወተፈበት። አልሮጠችም። ሦስቱ የቅብብል ጓደኞቿ አለቀሱ። ይህን አልክድም፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሲቀርና ዱላ የሚጠብቁ ሰዎች ያሉት ሲቀር አንድ አይደለም።

በገበያ ቀን አባቷ አገኘኝ። እኔ ስለ ትምህርት ቤቱ ክብር ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና «መምህር፣ ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ በሬህን ለሰው ትሰጣለህ?» አለኝ።

«ለወንፈል ይሰጣል እንጂ» አልኩት፤ ያሸነፍኩት መስሎኝ።

«ለወንፈል ከሆነ አንተም በፈንታው በሬህን ጠምደህ ትመጣለህ። የእኔ ልጅ ብትሰበር አንተ ምን ጠምደህ ትመጣልኝ ነበር?»

መልሱን ወጌሻ ጋ ወስጄ አሻታለሁ ልበለው? ለዋንጫው ምስክር ወረቀት እሰጣታለሁ ልበለው? የትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አንዲት ዋንጫ ትጨመር ነበር፤ እሷ ላይ የሚደርሰውን ግን የሚጋራ ማንም አልነበረም። አሜሪካኖቹም የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። የተማሪ ተጫዋች በገዛ ስሙ ገንዘብ እንዲያገኝ የተፈቀደለት ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስታዲየም የሚሞላው በእሱ ሆኖ ሲሰበር ብቻውን ነበር።

ልጅቷ ባሕር ዳር ላይ 4ኛ ወጣች። የሚፈለጉት ሦስት ነበሩ። ዛሬ ጎንደር ሻይ ቤት አላት፤ ስገባ ሒሳብ አትቀበለኝም፣ ያን ቀንም አንሥታብኝ አታውቅም። ብትሮጥና ባትሮጥ ምን ይለወጥ ነበር? እንጃ። ሳትሮጥ በመቅረቷ ትክክል ነበረች የምለው ስላለፈችበት አይደለም፤ አላለፈችምና።

የልጁ ቤት ስደርስ እናቱ ገብስ ትቆላ ነበር። አባቱ «ግቡ መምህር» ብሎ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈልኝ፤ ጠላ ቀረበ። ስለ ውርጩ አወራን፣ ባቄላው ስለመታው በሽታ አወራን፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ እግሩን ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ነክሯል። የመጣሁበትን አውቆታል፤ ቀና ብሎ አያየኝም።

«ባሕር ዳር በምን ትሄዳለህ?» አልኩት።

ቀና አለ። «በሚኒባስ፣ ቲቸር። እሑድ ጎንደር አድሬ።»

«ቀጥ ብለህ እንዳትቀመጥ፤ በየመቆሚያው ውረድና እግርህን አፍታታ። በሶ ይዘሃል?»

እናቱ ከምጣዱ ሳትዞር «እሱን ነው የምቆላለት» አለች።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ነው። ዝም አልኩትና ብርጭቆዬን ዘረጋሁ፤ አባትየው ሞላልኝ።