ስንዴው ሲገባ ማንም አልጠየቀም

ወሎ ውስጥ የውጭ ገንዘብ መጀመሪያ የመጣው በጆንያ ነው። ስንዴው ካለቀ በኋላ ጆንያው ተተርትሮ ምንጣፍ ይሆናል፣ የጎተራ ክዳን ይሆናል፣ የጓዳ በር ይጋርዳል። የዘይቱ ቆርቆሮም አይጣልም፤ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል፣ ሲያረጅ ተቀጥቅጦ የጣሪያ ቀዳዳ ይደፍናል። በላዩ ላይ የተጻፈው የባዕድ ፊደል ምን እንደሚል የሚጠይቅ አልነበረም። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ጆንያ ላይ ተኝቶ ያደገ፣ ወይም የተኛ ወላጅ ያለው ነው።

ጆንያው የመጣበት ዘመን ይታወቃል። በ1965 ዓ.ም ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ሸፋፍኖ ሊያልፈው ሞክሮ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ለንደን ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በ1973፣ ለዚሁ ረሃብ የተጠራሩ የርዳታ ድርጅቶች ሲአርዲኤ የሚባለውን ኅብረት አቋቋሙ። ዛሬ አገሪቱን ከሞሏት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ትልልቅ ጥላዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ «ኤንጂኦ» የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ቢሮ ከመያዙ በፊት እትብቱ የተቀበረው ወሎ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አለፈ። መንግሥት ሦስቴ ተለዋወጠ፤ ስንዴውን ግን ሁሉም ተቀበለ። ጭቅጭቁ የተነሣው ገንዘቡ ሌላ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ለገበሬው እህል መስጠቱን ትቶ ወይም ከዚያ አልፎ፣ ገበሬው «ለምን ተራብኩ?» ብሎ እንዲጠይቅ ሲያግዝ።

ይህን ጥያቄ ቀድመው ካነሡት አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ረሃብን ለዓመታት አጥንተው የደረሱበት ነገር ቢጠቀለል፣ ድርቅ የሰማይ ቢሆንም ረሃብ የምድር ነው፤ ገበሬውን ጉልበት ካላቸው ሰዎች ጋር ካቆራኘው ሥርዓት የሚወለድ ነው የሚል ነው። እኒሁ ሰው በ1984 ዓ.ም ከጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። ከረሃብ ጥናት ወደ ሰብአዊ መብት መሻገራቸው ለብዙ ሰው የሁለት ዕድሜ ሥራ ይመስለዋል። ለወሎ ሰው ግን አንድ ሥራ ነው።

በ1997ቱ ምርጫ የአገር ውስጥ ማኅበራት መራጩን አስተማሩ፤ ምርጫውን ለመታዘብም ምርጫ ቦርድን ፍርድ ቤት አቁመው ረቱ። ከምርጫው በኋላ ውጤቱ አከራከረ፣ ደም ፈሰሰ። ገዥው ፓርቲ ከዚያ የተማረው ትምህርት በውጭ ገንዘብ የሚሠራ የመብት ድርጅት የሌላ ሰው እጅ ነው የሚል ነበር። ታኅሣሥ 28 ቀን 2001 ዓ.ም ፓርላማው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅን፣ በቁጥር 621/2001፣ አጸደቀ።

የአዋጁ ብልሃት ቀላል ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት፣ አባላቱ ሁሉ ኢትዮጵያውያን ቢሆኑም፣ «የኢትዮጵያ» ድርጅት ተብሎ አይመዘገብም ነበር፤ «የኢትዮጵያ ነዋሪዎች» ይባል ነበር። «የነዋሪዎች» የሆነ ደግሞ ጉድጓድ መቆፈር፣ ጤና ጣቢያ መሥራት፣ ችግኝ መትከል ይችል ነበር። የማይችለው በሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በብሔሮች፣ በጾታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና ዕርቅ፣ በፍትሕ አካላት ቅልጥፍና መሥራት ነበር። ስንዴ ይግባ፣ ጥያቄ አይግባ እንደማለት።

ዕርቅ የሚለው ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ወሎ ላይ ሲታይ ጉድ ነው። ወሎ አበጋሮች ያሉበት አገር ነው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ ካሳ ቆርጠው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ፖሊስ ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወንድም ጠመንጃውን እንዲያወርድ የሚያደርገው ግን አበጋሩ ነው። በአዋጁ መሠረት እነዚህን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ ምሳ አብልቶ፣ በሴቶች መብትና በሕፃናት ጋብቻ ላይ ከዳኞች ጋር ማነጋገር የፈለገ ድርጅት ከመቶው ዘጠና ብሩን ከአገር ውስጥ ማምጣት ነበረበት። ከየት?

ኢሰመጉና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በመብት ሥራቸው ለመቀጠል መርጠው «የኢትዮጵያ» ሆነው ተመዘገቡ። ኢሰመጉ ለዚህ ሲል «የኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ከስሙ እንዲያወጣ ተገደደ፤ ሰመጉ ሆነ። ኢትዮጵያዊ ለመባል ኢትዮጵያን ከስም መፋቅ፤ እንዲህ ያለ ቀልድ የሚፈጥረው ሕግ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም የሁለቱም የባንክ ሒሳብ ታገደ። የሰመጉ 9.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ያጠራቀመው ነው። ጉዳዩ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ሄዶ በጥቅምት 2005 ሰመጉ ተረታ። እስከዚያው ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘግቶ ነበር።

አውሮፓ ኅብረት በዚህ መሀል ያገኘው መውጫ እስካሁን ያስቀኛል። ለጋሹና ገንዘብ ሚኒስቴር ተስማምተው፣ ከአውሮፓ ልማት ፈንድ የሚመጣው ገንዘብ በኮቶኑ ስምምነት በኩል ለመንግሥት የተሰጠ ስለሆነ እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ይቆጠር ተባለ። ከብራስልስ የመጣ ዩሮ አዲስ አበባ ሲደርስ አገር በቀል ሆነ ማለት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባለው በዚህ መንገድ ለመብት ድርጅቶች ትንፋሽ ሰጠ። የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራምም እንዲሁ በልዩ ፈቃድ ከ200 በላይ ወረዳዎች ገባ፤ ነዋሪው የጤና ጣቢያውን፣ የትምህርት ቤቱንና የውሃውን አገልግሎት በካርድ ነጥብ እየሰጠ ከባለሥልጣኑ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ነበር። ያስተዳድረው የነበረው የኔዘርላንድ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር ክንድ ነው። መንግሥት ሲፈቅደው የውጭ ገንዘብ ያን ያህል አያስፈራም ነበር ማለት ነው።

እዚያው አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ግልባጭ ነው። ኅብረቱ ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ለዜግነት፣ ለእኩልነትና ለመብት ብቻ እስከ 1.55 ቢሊዮን ዩሮ መድቧል፤ ከፕሮግራሙ ለአንዳንዱ ገንዘብ ለማመልከት ከሌላ አገር አጋር ይዞ መምጣት ግዴታ ነው። ድንበር መሻገር እዚያ መስፈርት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እዚህ ጥፋት ነበር። ይህ ማለት አውሮፓውያን ሁሉ ገር ናቸው ማለት አይደለም። ሀንጋሪ በ2017 እ.ኤ.አ. የውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች በግንባራቸው ላይ እንዲለጥፉት የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ሕግ ጥሰሻል አላት። ሩሲያና ህንድ የየራሳቸው አላቸው። የእኛ ዓይነት ፍርሃት ብቸኛ አይደለም።

ፍርሃቱ ደግሞ ከነጭራሹ ባዶ አይደለም። ደሴ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ በተካሄደ ስልጠና ላይ ተቀምጬ የታዘብኩትን ልናገር። ባነሩ ላይ የለጋሾቹ አርማ ከስልጠናው ርእስ ይገዝፋል። ተሳታፊው ጠዋት ይፈርማል፣ ከሰዓት ይፈርማል፣ አበል ሲቀበል ለሦስተኛ ጊዜ ይፈርማል። አሰልጣኙ «የባለመብቶች ተሳትፎ» እያለ በፍሊፕ ቻርቱ ላይ በማርከር ክብ ይሠራል፤ ከኋላ የተቀመጡት አበሉ የትራንስፖርቱን ይጨምር እንደሆን ይንሾካሾካሉ። ደሴ ላይ «ስልጠና አለ?» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «አበል አለ?» ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ሪፖርት ተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ። በስሙ የተጻፈለት የገጠር ሰው ያንን ሪፖርት መቼም አያየውም።

ከአዳራሹ ጥግ አንድ የቅሬ ዳኛ ተቀምጠው ነበር። እድር የሚሉትን ወሎዎች ቅሬ ነው የሚሉት። በፌስታል የተጠቀለለ የቅሬ ደብተር ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ ከስልጠናው በኋላ ስብሰባ ነበረባቸው። ሻይ ቡና ዕረፍት ላይ አሳዩኝ። የአባላት ስም በተራ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ፤ መዋጮ የከፈለ፣ ያልከፈለ፤ መቃብር ቆፈራ ቀርቶ የተቀጣ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ዓመት ሲደርስ ሒሳቡ በሜዳ ላይ በሁሉ ፊት ይነበባል። ማንም አያታልላቸውም፤ የሚያታልል ሰው ማን እንደሚቀብረው ያውቃል።

እኔ የውጭ ገንዘብ ክርክር የሳተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ከብራስልስ መምጣቱ ሳይሆን ሒሳቡም ወደ ብራስልስ ብቻ መመለሱ ነው ችግሩ። አዋጅ 621 ግን የለካው ገንዘቡ የመጣበትን አገር እንጂ ሒሳቡ የሚነበብበትን ሜዳ አልነበረም። በላዩ ላይ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይብለጥ ብሎ፣ የአሰልጣኙን አበልና የመኪናውን ነዳጅ አስተዳደር ብሎ መደበ። ለእህል ማከፋፈያ ይህ ይሠራል። የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ግን ሥራው ራሱ ሰው ነው፤ ጠበቃው ወጪ ከሆነ ምን ይቀራል?

ታዲያ ቅሬው ራሱ ገንዘቡን ለምን አያዋጣም? የአዋጁ ደጋፊዎች የሚሉት ይህን ነበር፤ ሕዝቡ ለእድር እየከፈለ ለመብቱ እንዴት አይከፍልም? ጥያቄው ጥሩ ይመስላል፣ ደሴን ግን አያውቃትም። ለቅሶ ላይ ማዋጣት ማንንም አያስቆጣም። ቀበሌውን ለሚከስ ማኅበር ያዋጣ ነጋዴ ግን ንግድ ፈቃዱን የሚያሳድሰው፣ ቦታውን የሚያስለካው፣ ልጁን የሚያስመዘግበው እዚያው ቀበሌ ነው። ገበሬውም ማዳበሪያውን የሚጠብቀው ከዚያው ነው። የአገር ውስጥ ገንዘብ ነፃ ገንዘብ አይደለም፤ ባለቤቱን ቤቱ ድረስ የሚያውቁት ገንዘብ ነው።

ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም አዋጅ 1113/2011 አሮጌውን ተካ። የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ፤ ድርጅቶች በየትኛውም ሕጋዊ ሥራ መሠማራት፣ ገንዘባቸውንም ከሕጋዊ ምንጭ ሁሉ ማምጣት ቻሉ። ሰመጉ «ኢ»ውን መልሶ አገኘ። ለአንድ ሁለት ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመብት ስልጠና እንደ አሸን ፈላ።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ደሴ በጥቅምት 2014 ተያዘች፤ ኮምቦልቻም ተከተለች፤ ሁለቱም በኅዳር 27 ተመለሱ። ሰው ሲመለስ መጋዘኑ ባዶ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ምግብ ሳይቀር ከተዘረፈ በኋላ፣ በሁለቱ ከተሞች የምግብ ዕደላውን አቆመ። ሐይቅ፣ ጃሪና ኮምቦልቻ አካባቢ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በመጠለያ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጆንያው ተመልሶ መጣ፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ «ማን ዘረፈ? ማን ገደለ? ማን ይካስ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ለእርሱ የሚሆን መጋዘን የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሁለት አቅጣጫ ጠባብ በር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶችን አገደ። ጥር ላይ ዋሽንግተን የውጭ ርዳታዋን አቆመች፤ ዩኤስኤይድም በሰኔ መጨረሻ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ለውይይት የቀረበ የአዋጁ ማሻሻያ ረቂቅ በውጭ ገንዘብ በምርጫና በፖለቲካ ጉዳይ መሥራትን የሚከለክል ሐሳብ ይዞ ወጣ። አንዱ ላኪ በሩን ዘጋ፣ አንዱ ተቀባይ ሊዘጋ ቁልፉን አነሣ።

ድንበር የሚሻገረው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከደሴ ዙሪያ፣ ከቃሉ፣ ከሐይቅ የሚነሡ ልጆች በባቲና በሚሌ ጅቡቲ ይደርሳሉ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመላሾቹ መካከል ብዙ ወሎዬዎች ነበሩ። በኅዳር 2008 አውሮፓውያን ማልታ ላይ ተሰብስበው ለአፍሪካ የአደራ ፈንድ አቋቁመው፣ ሰሜን ወሎንና ደቡብ ወሎን ጨምሮ ስደት በበዛባቸው አካባቢዎች ገንዘብ ማፍሰስ ጀመሩ። በገንዘቡ የተሠራው አብዛኛው ልጆቹ እንዳይሄዱ የሚያደርግ ነው፤ የፀጉር ሥራ፣ የልብስ ስፌት፣ የዶሮ እርባታ፣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ማስቀጠር። የሄደችውን ልጅ መብት የሚከታተል፣ የሪያድን አሠሪ ለደመወዟ የሚጠይቅ፣ ውሏን በሁለት ቋንቋ የሚያስነብብ ሥራ ከዚህ ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

የቅሬ ዳኛው ከደብተራቸው ውስጥ አንድ ገጽ አሳዩኝ። አስከሬኗ ያልመጣ የአንዲት ልጅ ለቅሶ ነው፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠዋል፣ ወጪው ከነሳንቲሙ ተጽፏል። ወላጆቿ የስድስት ወር ደመወዝ አላት ብለዋል። ለእርሱ ግን ደብተሩ ላይ ዓምድ ስለሌለው፣ ዳኛው በእርሳስ ከገጹ ጠርዝ ላይ «ያልተከፈለ» ብለው ጽፈውታል።